ዩቪያይትስ ይዞን መድኃኒት ላይ ላለን፦ የቀላ ዓይን ሁሉ "ተነሣብኝ" ማለት አይደለም

የጣና_ዳር_መምህርት · ጥቅምት 4፣ ምሽት 3፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ግን ለዓይናችሁ በሽታ ተከላካይ ኃይልን የሚቀንሱትን፣ ፕሬድኒሶሎን፣ አዛታዮፕሪን ወይም ሜቶትሬክሴት የምትወስዱ ካላችሁ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ሁለቱም ዓይኔ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደፈረሰ። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ጆሮዬ ይጮኻል፣ ብርሃን ማየት አቃተኝ። ብዙ ከተመላለስኩ በኋላ ዩቪያይትስ፣ የዓይን የውስጥ እብጠት፣ ነው ተባልኩ፤ ቪኬኤች የሚሉት ዓይነት። የገዛ ሰውነቴ በሽታ ተከላካይ ኃይል የዓይኔን የውስጥ ሽፋን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃዋል ማለት ነው። ሽፋሽፍቴ ላይ ነጭ ፀጉር የወጣውም ያኔ ነው። በቀን 60 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ተጀመረልኝ፤ እሱ ቀስ እያለ ሲቀነስ አዛታዮፕሪን ተጨመረ። መድኃኒቱን አላማውም። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ማንበብ ያቃተኝ ሰው ተመልሼ ደብተር አርሜበታለሁ።

ባለፈው ሰኔ፣ በፈተና ሰሞን፣ ከንፈሬን ምች መታኝ። እናቴ ዳማከሴ ጨምቃ ቀባችኝ፤ ደረቀ፣ ረሳሁት። ሳምንት ሳይሞላ ግራ ዓይኔ ቀላ። ቀኙ ደህና ነው። ግራው ያለቅሳል፣ ብርሃን ይሸሻል፣ አሸዋ የገባበት ይመስላል፤ ሕመሙ ግን ያን ያህል አልነበረም። "ተነሣብኝ" አልኩ። ከባለፈው የተረፈ የፕሬድኒሶሎን ጠብታ ቤት ነበረኝ፤ በየሁለት ሰዓቱ ጠብ ማድረግ ጀመርኩ። መጀመሪያ ቅላቱ ቀለል ሲልልኝ ተመስገን ብዬ ነበር። በአራተኛው ቀን ጭጋግ መጣ።

አንድ የጤና ተቋም ሄድኩ። ዩቪያይትስ እንዳለብኝ ሲሰሙ "ያው ያገረሸ ነው" ብለው ጠብታውን በየሰዓቱ፣ እንክብሉን እጥፍ አደረጉልኝ። ዓይኔ ላይ ቀለም አድርጎ ያየው ሰው አልነበረም። እኔም የምቹን ነገር አላነሣሁም፤ ከዓይን ጋር ይገናኛል ብዬ መች አስቤ።

ከስድስት ቀን በኋላ በግራ ዓይኔ ጣት መቁጠር ሲያቅተኝ ሌላ ቦታ ሄድኩ። ያየችኝ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችኝ "በፊት ሲታመም ሁለቱም ነበር ወይስ አንዱ?" ብላ ነው። ቀጥላ የጥጥ ጫፍ አሹላ የዓይኔን ፊት፣ ኮርኒያውን፣ ነካ አደረገችው። በቀኙ ደንግጬ ዘለልኩ። በግራው ምንም፤ መንካቷንም አላወቅኩም። ከዚያ ብርቱካንማ ቀለም ያላት ቀጭን ወረቀት ዓይኔን አስነክታ ሰማያዊ መብራት አበራችበት። ስልኬን ተቀብላ በማሽኑ በኩል ፎቶ አንሥታ አሳየችኝ፤ ዳር ዳሩ ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ የሚመስሉ አረንጓዴ መስመሮች፣ መሐሉ ደግሞ እንደ ካርታ ተዘርግቶ የተላጠ። "ሄርፒስ ነው" አለችኝ። ከንፈሬ ላይ የወጣው ያው ቫይረስ። ጠብታው ደግሞ መንገዱን ጠርጎለታል።

ጠብታው ቆመ። አሲክሎቪር የሚባል የፀረ ቫይረስ ቅባትና እንክብል በቀን አምስት ጊዜ ተጀመረ፤ የሚዋጠው ፕሬድኒሶሎን በአንዴ ሳይሆን እየታየ ተቀነሰ። ቁስሉ ዳነ፣ ጠባሳው ቀረ። ዛሬ በግራ ዓይኔ የማነበው 6/18 ድረስ ነው፤ ጤነኛ ዓይን ከ18 ሜትር የሚያነበውን እኔ 6 ሜትር ላይ ቀርቤ ነው።

እዚህ የጻፍኩት እንደ እኔ ጠብታ ያስቀመጠ ሰው ይኖራል ብዬ ነው። ሌላ እንዲህ የደረሰበት ካለ ይንገረን።

ሰባታሚት_ሰፈር · ጥቅምት 4፣ ምሽት 3፡42

እግዜር ይማርሽ እህቴ። አንብቤ ስጨርስ ተነሥቼ የመድኃኒት ሣጥኔን ከፈትኩ። የኔም አለች። ከተከፈተች ሦስት ወር አልፏታል።

ሲስተር_ዓይን_ክፍል · ጥቅምት 4፣ ምሽት 4፡25

መምህርት፣ ስለ ጻፍሽው አመሰግንሻለሁ። የዓይን ነርስ ነኝ፤ እንዳንቺ ያሉ ሰዎችን ተቀብያለሁ። ሰባታሚት፣ የተከፈተ ጠብታ ከ28 ቀን በኋላ አይነካም። ዛሬውኑ ጣያት።

ምች የምንለው ከንፈር ላይ የሚወጣው ውሃ የቋጠረ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ነው። ፀሐይ፣ ትኩሳት፣ ድካም ይቀሰቅሱታል፤ እናቶቻችን "ፀሐይ መታው" ሲሉ መቀስቀሻውን በትክክል አይተዋል። ቫይረሱ ግን ከፀሐይ የመጣ አይደለም፤ ብዙዎቻችን በልጅነታችን ይዞን ፊትን የሚያዳርሰው ነርቭ ሥር፣ ከጆሮ ፊት ለፊት በራስ ቅል ውስጥ፣ ተኝቶ ይኖራል። የሚጠብቀው የራሳችን በሽታ ተከላካይ ኃይል ነው። ከዚያ ነርቭ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ከንፈር፣ ሌላው ወደ ዓይን ይሄዳል። ዩቪያይትስን የሚያበርዱት መድኃኒቶች ይህን ጠባቂ ያዳክማሉ። ጥፋታቸው አይደለም፤ የተሰጡት ለዚያ ነው። ስለዚህ የምንለምነው መድኃኒቱን እንድትጠሉ ሳይሆን ጠባቂው መድከሙን እንዳትረሱ ነው።

የጥጡን ነገር ያነሣሽው ጥሩ አደረግሽ። ቫይረሱ ነርቩን ስለሚያደነዝዘው ሕመሙ ከጉዳቱ ያንሳል። "ብዙ አላመመኝም" ብሎ የዘገየ ሰው ብዙ ነው።

እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ ጠብታ በመጀመሪያው ቀን ቅላትን ይቀንሳል፤ ቅላቱ የሰውነት መልስ ስለሆነ። ቫይረሱ ግን ከሥር እየተስፋፋ ነው። በክልላችን የቀላ ዓይን ሲታይ እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ትራኮማን ለምደን ወደ ቴትራሳይክሊን ቅባት ነው። እሱም ለባክቴሪያ እንጂ ለቫይረስ አይሠራም።

ዘጌ_ቡና_ለቃሚ · ጥቅምት 5፣ ጠዋት 1፡15

ሲስተር፣ እባክሽ አንድ ነገር ልጠይቅ። እናቴ ዘጌ ናት። ለዓይኗ ሜቶትሬክሴትና ፕሬድኒሶሎን ትወስዳለች። ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ግንባሯ በቀኝ በኩል ያቃጥላት ነበር፤ ዛሬ ሌሊት ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ወጣ። ግማሽ ግንባሯ ብቻ ነው፤ መሐል ላይ በክር የተሰመረ ይመስል ይቆማል። አፍንጫዋ ጫፍ ላይም ሁለት አሉ። ጎረቤት አልማዝ ባለጭራ ነው ብሏታል። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አጣፍታ ቤት ተቀምጣለች፤ ሰው እንዲያያት አትፈልግም። "ይሄ የዚያ በሽታ ምልክት ነው ይሉኛል" ትለኛለች። ወጥታ ሐኪም ትይ ብላት እንቢ አለች።

ሲስተር_ዓይን_ክፍል · ጥቅምት 5፣ ጠዋት 1፡31

ወንድሜ፣ ዛሬ ይምጡ። ነገ አይደለም። የመጀመሪያውን ጀልባ ይያዙ።

አልማዝ ባለጭራ በልጅነት ጉድፍ ያስያዘን ቫይረስ ተኝቶ ከርሞ ሲነሣ የሚወጣ ነው። የአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይኑም የመነካቱ ዕድል ከፍተኛ ነው፤ የአፍንጫን ጫፍና የዓይንን ውስጥ የሚያገለግለው አንድ የነርቭ ቅርንጫፍ ስለሆነ። መድኃኒቱ ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚመረጠው። እንደ እናትህ መከላከያቸው ለደከመ ቢያልፍም ይጀመራል፤ አልፏል ብላችሁ እንዳትቀሩ።

ባሕር ዳር ያሉት ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም ሆስፒታሎች የዓይን ክፍል አላቸው፤ ለእናንተ የሚቀርበው ይሁን። የምትወስደውን ሁሉ በከረጢት ይዘሃት ና፤ ስሙን በቃል ለመንገር አትሞክር። ሜቶትሬክሴቱ ለጊዜው ይቁም አይቁም ሐኪሙ ይወስናል።

ስለ ሐሜቱ፦ አዎ፣ ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ላይ ስለሚበዛ ሰው እንደዚያ ያስባል። ግን በዕድሜም ይወጣል፣ እናትህ በሚወስዱት መድኃኒትም ይወጣል። ነጠላው ሽፍታውን ቢሸፍንም ዓይናቸውን አያድንም። ይህን በእኔ ስም ንገራቸው፤ ሲስተር ለመነችዎት በላቸው። አንድ ጥንቃቄ፦ ሽፍታው ቅርፊት እስኪሠራ ድረስ ጉድፍ ያልያዛቸው ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች አይጠጓቸው።

አባይ_ማዶ · ጥቅምት 5፣ ጠዋት 2፡05

ዘጌ፣ ወደቡ ላይ ባጃጅ ከፈለግህ ንገረኝ፤ እኔ እቀበላችኋለሁ። ሆስፒታል ድረስ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።

እመቤት_ከፈንድቃ · ጥቅምት 5፣ ረፋድ 4፡50

ይህን ካነበብኩ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። እኔ ለአምስት ወር በየቀኑ ፕሬድኒሶሎን ወስጃለሁ፣ አሁን 20 ሚሊ ግራም ላይ ነኝ። ዛሬ ጠዋት አልወሰድኩም። ከእንግዲህ አልወስድም፤ ቫይረስ ከሚያመጣብኝ ይቅር።

ሲስተር_ዓይን_ክፍል · ጥቅምት 5፣ ረፋድ 4፡58

እመቤት፣ የኔ እህት፣ አሁኑኑ ውሰጂ። ከሦስት ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው ሰውነቱ የራሱን ተፈጥሯዊ ስቴሮይድ፣ ኮርቲዞልን፣ መሥራት ይተዋል። በአንዴ ሲቆም ድካም፣ ማስመለስ፣ የደም ግፊት መውረድ ያመጣል፤ ሕይወትም ያሰጋል። ዩቪያይትሱም ተመልሶ ይመጣል። ፍርሃቱን እኔ ነኝ ያመጣሁብሽ፣ ይቅርታ። ስትወስጂ እዚሁ ጻፊልኝ።

እመቤት_ከፈንድቃ · ጥቅምት 5፣ ረፋድ 5፡20

ቁርስ በልቼ ወስጃለሁ። ቀጠሮዬን ደግሞ ወደዚህ ሳምንት አመጣለሁ።

መድኃኒት_ቤት_ሠራተኛ · ጥቅምት 5፣ ከሰዓት 9፡30

ፋርማሲስት ነኝ። በየቀኑ "ለቀላ ዓይን የሚሆን ስጠኝ" የሚል ሰው ይመጣል፤ ብዙዎቹ የድሮውን ባዶ ጠርሙስ ይዘው "ይሄንን" ይላሉ። አንቲባዮቲክና ዴክሳሜታሶን አብረው ያሉበት ጠብታ ነው። ዴክሳሜታሶን ስቴሮይድ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የሚያዩት የአንቲባዮቲኩን ስም ነው። ስታበዙት ደግሞ ከቫይረሱ ሌላ የዓይን ግፊትና የዓይን ሞራ ያመጣል። እንቢ ስላቸው ተቆጥተው ሌላ ቤት ይሄዳሉ። እናንተ ግን "ዩቪያይትስ አለብኝ፣ መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት ላይ ነኝ" ብላችሁ ብትነግሩን ራሳችን ወደ ሐኪም እንልካችኋለን።

ሌላ ሁለት ነገር። ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ የምትወስዱበትን ቀን ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በየቀኑ የዋጠ ሰው መቅኔው ይጎዳል። ኮትሪሞክሳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክ ከሜቶትሬክሴት ጋር እንዳይሰጣችሁም፤ ለሳልም ለተቅማጥም ሲታዘዝ ሜቶትሬክሴት ላይ መሆናችሁን ተናገሩ።

የአዴቱ · ጥቅምት 5፣ ምሽት 2፡15

እኔ ስለ ዓይን ፊት ለፊቱ ሳይሆን ስለ ኋላው ልናገር።

ቤሼት የሚባል በሽታ ነው ዩቪያይትስ ያመጣብኝ። ሜቶትሬክሴት እወስድ ነበር፤ እብጠቱ አልወርድ ሲል ቀኝ ዓይኔ ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ ተወጋሁ። ጥሩ አየሁ። ወደ ሁለት ወር ገደማ ሲሆን ጥቀርሻ የመሰለ ነገር ዓይኔ ውስጥ መንሳፈፍ ጀመረ፤ ዓይኔን ሳዞር አብሮ ይዞራል። ትንሽ ቀላ፣ ቅንድቤ ሥር ጠዘጠዘኝ። እህል መሰብሰቢያ ወቅት ነበር፣ "የተረፈ እብጠት ነው፣ ቀጠሮዬ ደርሷል" ብዬ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ።

ሐኪሙ ብሌኔን በጠብታ አስፍቶ ዳር ዳሩን አየ። ሬቲናዬ፣ ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን፣ ዙሪያውን ነጭ ነጭ ሆኖ እየተገጣጠመ ወደ መሐል እየመጣ ነበር። ቫይረስ ሬቲናን ሲያበሰብስ ነው፤ አኪዩት ሬቲናል ኔክሮሲስ ይሉታል። ከዓይኔ ውሃ ለምርመራ ቀዱ፤ ውጤቱን ግን አልጠበቁም፣ በዚያው ቀን አሲክሎቪር በደም ሥር በየስምንት ሰዓቱ ጀመሩልኝ፣ ዓይኔ ውስጥም ጋንሲክሎቪር ወጉኝ። የበሰበሰው ሬቲና ግን ተቀዶ ተላቀቀ። አዲስ አበባ ሄጄ ቀዶ ጥገና ተደርጎልኝ ሬቲናውን ደግፎ እንዲይዝ ዓይኔ ውስጥ ዘይት ተሞላበት። በቀኝ ዓይኔ አሁን የእጅ እንቅስቃሴ አያለሁ።

ግራው ደህና ነው። እሱንም እንዳይዘው ብለው እንክብሉን ለወራት አስወሰዱኝ፤ ይህ በሽታ ሁለተኛውን ዓይን በሳምንታት ውስጥም በኋላም ሊከተል ይችላል።

የምለምናችሁ ይህን ነው። ጥቀርሻ፣ ብልጭታ ወይም ከጎን እንደ መጋረጃ የሚመጣ ጥላ ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ። ስትሄዱም "ብሌኔን አስፍታችሁ እዩልኝ" በሉ። ሳይሰፋ ዳሩ አይታይም።

ሲስተር_ዓይን_ክፍል · ጥቅምት 5፣ ምሽት 3፡00

የአዴቱ፣ ይህን ለመጻፍ ምን ያህል እንደከበደህ ይገባኛል። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት። ሲቶሜጋሎ የሚባል ሌላ ቫይረስ አለ። ሬቲናን ሲይዝ ሕመምም ቅላትም ላይኖረው ይችላል፤ ነጭ ሆኖ ደም የተረጨበት ይመስላል። ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሲዲ 4 የሚባለው የመከላከያ ሴላቸው ከ50 በታች ሲወርድ የምናውቀው ነው። ዓይን ውስጥ ስቴሮይድ ከተወጋ በኋላም ኤች አይ ቪ የሌለበት ሰው ላይ ታይቷል። ለእሱ አሲክሎቪር አይበቃም፤ ጋንሲክሎቪር ወይም ቫልጋንሲክሎቪር ነው። "ለጎረቤቴ የሠራው እንክብል" ብላችሁ ከቤት እንዳትጀምሩ የምለው ለዚህ ነው።

መርጌታ_ዘጣና · ጥቅምት 6፣ ጠዋት 3፡20

ልጆቼ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ዓይናቸውን የታመሙ ብዙ ምእመናን ለጠበል ይመጣሉ። መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ጠበል ቢጠመቅ ይጎዳል ወይ? ለሚጠይቁኝ የምመልሰውን አሳውቁኝ።

ሲስተር_ዓይን_ክፍል · ጥቅምት 6፣ ቀን 6፡45

አባቴ፣ ስለጠየቁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መጠጣቱም ሰውነት መጠመቁም ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም። ኮርኒያው ላይ ክፍት ቁስል ያለበት ሰው ግን ቁስሉ እስኪዘጋ ድረስ ያልፈላ ውሃ ዓይኑ ውስጥ አይግባ፤ የሐይቅም፣ የወንዝም፣ የምንጭም ውሃ ቁስሉ ላይ ሌላ ተሕዋስ ሊጨምር ይችላል። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው ይጠመቁ። እርስዎ "መድኃኒታችሁን አታቋርጡ" ካሏቸው ከእኛ ይልቅ እርስዎን ይሰማሉ።

መርጌታ_ዘጣና · ጥቅምት 6፣ ቀን 7፡10

እነግራቸዋለሁ። ለጾሙም እንዲሁ፣ ሕመምተኛ መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዲወስድ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር።

የልጄ_አባት · ጥቅምት 6፣ ምሽት 1፡30

የሰባት ዓመት ልጄ በመገጣጠሚያ ሕመም ምክንያት ዩቪያይትስ አለባት፤ ሜቶትሬክሴት ትወስዳለች። ክፍሏ ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጥ ልጅ ዛሬ ጉድፍ ወጣበት ተባለ። እሷ ጉድፍ አልያዛትም። እስኪወጣባት ልጠብቅ?

ሲስተር_ዓይን_ክፍል · ጥቅምት 6፣ ምሽት 1፡48

አትጠብቅ ወንድሜ። ነገ ጠዋት ለሚያክማት ሐኪም ደውል። ጉድፍ ከተነካኩ ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ነው የሚወጣው፤ የሚከላከል ነገር መስጠት የሚቻለው ከዚያ በፊት ነው። ሜቶትሬክሴቱን ለጊዜው ሊያቆምላት ይችላል፤ እሱ ይወስን። ሕያው ተሕዋስ ያለበት ክትባትም፣ ለምሳሌ የኩፍኝ፣ በዚህ መድኃኒት ላይ እያለች ሐኪሟ ሳያውቅ አይሰጣት። የእሷ ዓይን ደግሞ ሳይቀላና ሳያማት ውስጡ ሊታመም የሚችል ነው፤ "ደህና ነኝ" ብትልም ቀጠሮዋ አይዝለል።

ሰባታሚት_ሰፈር · ጥቅምት 7፣ ጠዋት 2፡00

መምህርት፣ አሁንም አዛታዮፕሪን ትወስጃለሽ? ቫይረሱ ተመልሶ እንዳይመጣ ምን አደረጉልሽ?

የጣና_ዳር_መምህርት · ጥቅምት 7፣ ምሽት 2፡20

አዎ፣ እወስዳለሁ፤ ቪኬኤቹ አልተወኝም። ከሱ ጋር አሲክሎቪር 400 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ኩላሊቴ በየጊዜው እየታየ። ሐኪሜ እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ በ703 ሰዎች ላይ የታተመ ጥናት ነገረችኝ፤ ለ12 ወር ይህን መጠን ከወሰዱት 19 በመቶው፣ ካልወሰዱት 32 በመቶው ሄርፒሱ ዓይናቸው ላይ ተመልሷል። እነዚያ ሰዎች መከላከያቸው ያልደከመ ስለነበር የእኔ ነገር በእነሱ ልክ እንደማይለካ አልደበቀችኝም። ስለዚህ መድኃኒቱን ብወስድም የቀላ ቀን እሄዳለሁ። ጠዋት ጠዋት ቀኝ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ በግራው የግድግዳ ካሌንደሩን አነባለሁ፤ ትናንት ያነበብኩትን ዛሬ ካጣሁ እነሣለሁ። በሁለት ዓይን ስታዩ አንዱ መድከሙን አታውቁትም።

ዘጌ፣ እናትህስ?

ዘጌ_ቡና_ለቃሚ · ጥቅምት 7፣ ምሽት 3፡35

ይቅርታ፣ የሰው ስልክ ነው የያዝኩት። በዚያው ቀን መጣን። መጀመሪያ እንቢ ብላ ነበር፤ የሲስተርን መልእክት ሳነብላት ዝም ብላ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣለችና ጫማዋን ፈለገች። ጀልባው ላይ ያየናቸው የሰፈር ሰዎች "እግዜር ይማርሽ" ከማለት በቀር ምንም አላሉም። አባይ ማዶ ወደቡ ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ ብድሩን እግዚአብሔር ይክፈለው።

ዓይኗ ውስጥ እብጠት ጀምሯል፣ ግፊቱም ጨምሯል፤ ሬቲናዋ ግን አልተነካም አሉን። አሲክሎቪር 800 ሚሊ ግራም በቀን አምስት ጊዜ ጀምራለች፣ ውሃ በደንብ ጠጪ ተብላለች። ሜቶትሬክሴቱን ለጊዜው አቆሙት፣ ፕሬድኒሶሎኑን አላቆሙም። ሰዓት ማንበብ ስለማትችል ወረቀት ላይ አምስት ሥዕል ሣልኩላት፦ ዶሮ ለንጋቱ 12፣ ጀበና ለረፋዱ 4፣ የእንጀራ መሶብ ለ8 ሰዓት፣ የምትጠልቅ ፀሐይ ለምሽቱ 12፣ ኩራዝ ለምሽቱ 4። በወሰደች ቁጥር በከሰል ታጠቁራለች። ዛሬ አምስቱም ጠቁረዋል። ሰኞ ተመልሰን እንታያለን።